የግመል ተራው ፎጣ

ሹፌሩን ጦይብን የሰደበው አለቃው ዓብዱልሀኪም ነው። ቀኑ ሐሙስ፣ አረፋ ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከዝሁር ሶላት መልስ። ቦታው ካዛንቺስ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የጉዞ ወኪሉ ቢሮ። የሰሙት ደግሞ ወንበሩን ሞልተው የተቀመጡ እንግዶች፣ ሻይ ይዛ የገባችው ማዕዛ እና የዓብዱልሀኪም እህት ኑሰይባ ናቸው።

«ሹፌር መሪ ይያዝ እንጂ ወሬ አይያዝ!»

ቃሏ ይህችው ናት። አልተጨመረባትም፣ አልተቀነሰላትም። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጦይብ ግን ትናንት የተባለች ያህል ከነድምፁ፣ ከነእጁ አወናጨፍ ያስታውሳታል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እንግዶቹ ጅግጅጋ ሄደው ምን እንደሚያዩ ሊጠይቁ መጥተው፣ ዓብዱልሀኪም ስልክ ይዞ ስለቆየ፣ የመኪና ቁልፍ ሊያስረክብ የገባው ጦይብ ዝም ብሎ መቆሙ ነውር መሰለውና አጫወታቸው። ስለ ቆላው፣ ስለ ግመሉ፣ ከባቢሌ አለፍ ብሎ ስላለው ስለ ደካታ ሸለቆ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ አሁን ወደቀ ሲባል ስለማይወድቅበት። «የጥንት ግዙፍ ሰዎች ናቸው አሉ የቆለሉት» አላቸው። አንደኛው እንግዳ ሞባይሉን አውጥቶ መጻፍ ሲጀምር ዓብዱልሀኪም ስልኩን ዘጋና ሳቀ። «የውሃና የነፋስ ሥራ ነው፤ የምን ግዙፍ ሰው!» ካለ በኋላ ያችን ቃል አስከተለ። እንግዶቹ ሳቁ። ማዕዛም ትሪዋን እንደያዘች ሳቀች። ኑሰይባም ፈገግ ያለች መሰለው።

የከፋው ደግሞ ዓብዱልሀኪም ልክ መሆኑ ነው። ያንን ወሬ ጦይብ የሰማው ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ከምትሸጥ ሴትዮ ነበር። ልክ ሆኖ የተሰደበ ሰው «አላህ ይፍረድ» ብሎ ይተኛል። ተሳስቶ የተሰደበ ግን ለማን ይከስሳል?

ጦይብ ከስምንተኛ ክፍል ነው ትምህርቱን የተወው። ሌላው ሰው ፎቶ ያስቀምጣል፤ እሱ ስድብ ያስቀምጣል። «አንተማ ወንበር ልታሞቅ ነው የምትመጣው» ያለውን የሂሳብ አስተማሪ ዛሬም ሜክሲኮ ላይ በታክሲ መስኮት ቢያየው ይለየዋል። በሠርግ ቀን ከዘመድ ወንበር አስነስታ በር ሥር ያስቀመጠችውን አክስቱን ይኸው እስከ ዛሬ ዒድ ሙባረክ አላላትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ ጦይብማ የወጋውን ብቻ ሳይሆን አጠገብ ቆሞ ያየውንም አይረሳም።

ለዓብዱልሀኪም ግን መልስ አዘጋጅቶለታል። ሃይሩፍ ሚኒባሱን ባጠበ ቁጥር፣ ጎማውን እየፈተገ፣ መልሷን ይለማመዳታል።

«አንተን ያሳደገህ የሹፌር እንጀራ ነው!»

እውነት ነው። የዓብዱልሀኪምና የኑሰይባ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና ጋሽ ኢብሮ፣ በጅግጅጋ መንገድ ኤንትሬ የሚያሽከረክሩ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። የጦይብ አባት ደግሞ ረዳታቸው። ጋሽ ኢብሮ ኋላ ላይ ሱቅ ከፈቱ፣ ሱቁ ቢሮ ሆነ፣ ቢሮው ለልጃቸው ተላለፈ። ዓብዱልሀኪም ታዲያ ለእንግዳ ሲናገር «ቤተሰባችን ከጥንት ጀምሮ ነጋዴ ነው» ይላል። ስለ ኤንትሬው አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ጦይብ የሚጠብቀው ቀኑን ነው፤ እንደዚያች ሐሙስ ሰው የሞላበት ቀን።

«ታዲያ ለምን ሥራውን ጥሎ አይሄድም?» የሚል ካለ፣ መልሱ ኑሰይባ ናት።

ኑሰይባ ኮሌጅ የጨረሰች፣ እንግዳ ይዛ የምትወጣ የቢሮው አስጎብኚ ናት። መኪና ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ትቀመጣለች። እና መንገድ ረጅም ነው። አዋሽን ሲሻገሩ፣ የጭሮን ዳገት ሲወጡ፣ እሷ ለእንግዶቹ ስትናገር ዓይኗ አንዳንዴ ወደ ስፖኪዮው ይመጣል፤ እዚያ ደግሞ የጦይብ ዓይን አለ። አንዱ ቶሎ ዘወር ይላል። ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም ቀድሞ ዘወር የሚለው፤ ተራ ነው። ከዚህ ያለፈ አንድም ቃል በመካከላቸው አልነበረም። ቢሆንም ጦይብ ጠዋት ጠዋት መኪናውን ሲያስነሳ መጀመሪያ የሚያስተካክለው ስፖኪዮውን ነበር፤ ለኋላው መንገድ ሳይሆን ለኋላው ወንበር እንዲመች።

ባለፈው ጥር ሁለት እንግዶች ይዘው ጅግጅጋ ወረዱ። እንግዶቹ አቶ ገብረጻድቃንና ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተገብርኤል ናቸው፤ ቂርቆስ የሚኖሩ ጡረተኞች። ልጆቻቸው «አገራችሁን እዩ» ብለው ነው የላኳቸው። አቶ ገብረጻድቃን ሁሉ ነገር ያስደንቃቸዋል። ሚስታቸው ምንም አያስደንቃቸውም።

ደካታ ሲደርሱ ጦይብ መኪናውን ዳር አስያዘ። ቀይና ግራጫ ድንጋይ፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣ ግዙፉ በትንሹ ላይ ቆሟል። ግራር እዚህም እዚያም። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«ከመቼ ወዲህ ነው ድንጋይ ለማየት የሚከፈለው?» አሉ ወይዘሮ ለተገብርኤል። «እኛ ሰፈር ሞልቶ የለም እንዴ፣ ቤቱ ሁሉ ፈርሶ!»

«ዝም በይ ሴትዮ፣ ይሄ ተፈጥሮ ነው» አሉ ባልየው።

«ያም ተፈጥሮ ነው። የሰው ተፈጥሮ።»

ኑሰይባ ሳቋን ዋጠችና ስለ ውሃና ስለ ነፋስ አስረዳቻቸው። ስትጨርስ ቆም አለች። ጦይብን አላየችውም፤ ድንጋዩን ነው ያየችው። «አንዳንድ ሰው ደግሞ የጥንት ግዙፍ ሰዎች ቆለሉት ይላል» አለች። «ማለቴ… እውነቱ የነፋሱ ነው። ደስ የሚለኝ ግን ይኼኛው ነው።»

ጦይብ ጎማ የሚያይ መስሎ ጎንበስ አለ። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ደረቱ እንዲያ ቀሎት አያውቅም።

ካራማራን ተሻግረው ሜዳው ሲከፈትና ጅግጅጋ ከታች ተዘርግታ ስትታይ አቶ ገብረጻድቃን ባርኔጣቸውን ነፋስ ሊወስድባቸው ነበር። ከተማው ውስጥ የሴቶቹ ልብስ ዓይን ይወስዳል፤ ብርቱካናማው፣ አረንጓዴው፣ በነፋስ እየተነፋ። ሻዩ ቅመም የበዛበት፣ በግመል ወተት የተፈላ ነው። ከድንበሩ የሚመጣው ዕቃ በየሱቁ በር ተቆልሏል። ወይዘሮ ለተገብርኤል እዚህ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተደነቁት፤ ብርድ ልብስ አይተው።

በማግስቱ ጠዋት ግመል ተራ ሄዱ።

አቧራ፣ የግመል ጩኸት፣ በትር በትከሻቸው ላይ አጋድመው የቆሙ ወንዶች። ጢማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ሽርጥ ያገለደሙ አንድ ሽማግሌ ደላላ ኑሰይባን ያውቋታል፤ እንግዳ ይዛ ስትመጣ የሚያሳዩላት እሳቸው ናቸው። ገዢና ሻጭ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በእጃቸው ላይ ፎጣ ጥለው፣ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ይመስል ወደ ሌላ ቦታ ያያሉ። የሚናገረው በፎጣው ሥር ያለው ጣት ነው።

«አፍ ሲናገር ገበያው ሁሉ ይሰማል» አሉ ደላላው። «እጅ ሲናገር ሁለት ሰው ብቻ። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ቁጥር ነው። መዳፍ ሙሉ ከያዝክ ትልቅ ነው፣ ከልብ ነው። እጅ ከነጠቅክ ግን አልፈልግም ነው። ሂድ፣ ጨርሰናል ነው።»

«ጮክ ብሎ የተናገረስ?» ጠየቀች ኑሰይባ።

«እሱ ልጅ ነው። ግመል አይሸጥለትም።»

አቶ ገብረጻድቃን «እስቲ እኛም እንሞክር» ብለው እጃቸውን ለሚስታቸው ዘረጉ።

«ሂድ ወዲያ! ይሄን እጅ አርባ ዓመት ይዤዋለሁ፤ ምን አዲስ ነገር ሊነግረኝ?» አሉ ወይዘሮ ለተገብርኤል። «ልጆቹ ይሞክሩ። አንተ ልጅ፣ ፎጣ በአንገትህ ይዘህ የለም እንዴ?»

ጦይብ ኑሰይባን አያት። ኑሰይባ ጥቂት አመነታችና የፎጣውን ጫፍ ሳብ አድርጋ በመዳፏ ላይ ጠቀለለች፤ ጨርቁ በመካከል እንዲሆን። ከዚያ በፎጣው ሥር አንድ ጣቱን ያዘች። ቀጥሎ ሁለት። ሁለቱም የሚያዩት አንዲት ነጭ ግመል ነበር። ቀጥሎ መዳፉን ሙሉውን ያዘች፤ ያዘችና ቆየች።

«ስንት ደረሰ?» አሉ ወይዘሮ ለተገብርኤል።

 ጦይብ በሕይወቱ ብዙ ነገር ይዟል፤ መሪ፣ ጎማ፣ የሰው ሻንጣ። በእጁ የተያዘ ነገር እስከ ጉሮሮው ሲሰማው ግን ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ እጇን ነጠቀች። በኃይል። ፎጣው አቧራ ላይ ወደቀ። ኑሰይባ ፊቷን አዙራ ወደ ግመሎቹ ኋላ ሄደች፣ ስልክም አወጣች። ስልኩ ሲጮህ ጦይብ አልሰማም፤ ሰበብ አደረገችው አለ በልቡ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፦ «እሺ… አዎ… ሹፌሩ አለ። ሹፌሩ ብቻ ነው።»

ደላላው ጢማቸውን እያሻሹ ሳቁ። «ወጣት፣ ዋጋህ አልተስማማትም!»

አቶ ገብረጻድቃንም ሳቁ፣ ሚስታቸውም። ጦይብ ጎንበስ ብሎ ፎጣውን አነሳ፣ አራገፈ፣ ወደ መኪናው ሄደ። ገብቶም ስፖኪዮውን ወደ ላይ አዞረው። ከጅግጅጋ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በዚያ መስታወት የታየው የሃይሩፉ ጣሪያ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አላናገራትም። «አቤት» እና «እሺ» ይላል፤ እነሱ ደግሞ ንግግር አይደሉም። «ጦይብ ደህና ነህ?» ብላ ጻፈችለት። ሌላ ቀን «ምን አጠፋሁ?» አለችው። ማንበቡ ይታያታል፤ አለመመለሱም ይታያታል። እሱ ደግሞ ያችን የጅግጅጋ ጠዋት ከሂሳብ አስተማሪው፣ ከአክስቱና ከሐሙሷ ቃል አጠገብ አስቀመጣት። ከሁሉም በላይ የምትመርረው እሷ ሆነች፤ ሌሎቹ የሰደቡት እሱ ሳይወዳቸው ነው።

እና ቢሮው የሚነሳበት ቀን ደረሰ። በካዛንቺስ የነበረው የጦይብ ቤተሰብ የቀበሌ ቤት ቀድሞ ፈርሷል፣ እናቱም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ የመልሶ ማልማቱ ቆርቆሮ አጥር አሁን ቢሮው ያለበት ፎቅ ሥር ደርሷል። ዓብዱልሀኪም ኦሎምፒያ ሌላ ቢሮ ተከራየ። ኑሰይባ ደግሞ ጅግጅጋ እንግዳ የሚቀበል ትንሽ ቢሮ ልትከፍት፣ እዚያው ልትኖር ነው። ሰኞ ትሄዳለች። ጦይብ ይህን የሰማው ከማዕዛ ነው፤ ሰምቶም «ይቅናት» አለ። ምሳውን ግን አልበላም።

ዕቃ ሊያወርድ ሲገባ ቢሮው ባዶ ነበር። የቀሩት ግድግዳው ላይ ያሉት ትልልቅ ፎቶዎች ናቸው፤ ደካታ፣ ካራማራ፣ የግመል ተራው። ኑሰይባ ወንበር ላይ ቆማ የካራማራውን ታወርዳለች።

«ጦይብ።»

«አቤት።»

«አቤት አትበለኝ። ለሥራ አይደለም የጠራሁህ።»

«ለሌላ ጠርተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ፎቶውን ግድግዳ አስደግፋ ወረደች። አቧራ የነካው እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ስፖኪዮውን ለምን አዞርክብኝ?»

ጦይብ ይህን ጥያቄ አልጠበቀም። ብዙ ጥያቄ ጠብቋል፤ ይህን ግን አይደለም።

«ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ገዛሁና ቀና ስል ዓይንህ የለም» አለች። «የመኪና ጣሪያ ነው ያለው። መጀመሪያ መንገዱ አንገጫግጮት ነው ብዬ ነበር። ከዚያ አዋሽ ደረስን፣ አሁንም ጣሪያ። በቃ ገባኝ። ሰው እንዴት በመስታወት በር ይዘጋል?»

«አንቺ ነሽ የዘጋሽው።»

«እኔ?»

«እጅሽን ነጠቅሽ!» ድምፁ ባዶው ክፍል ውስጥ አስተጋባ። «ሽማግሌው ምን ነበር ያሉት? ከተነጠቀ ጨርሰናል ነው። መዳፌን ሙሉ ይዘሽ፣ ሰው ፊት፣ ነጠቅሽኝ። ከዚያ ደግሞ ‹ሹፌሩ ብቻ ነው› አልሽ። ወንድምሽ በአፉ የሚለውን አንቺ በእጅሽ አልሽኝ።»

ኑሰይባ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። ልትስቅ ጀመረች፣ ሳቁ መሃል መንገድ ላይ ቀረና ዓይኗ ሞላ።

«ስልኬ እኮ ነው፣ ጦይብ! ድምፁን አጥፍቼው በቦርሳዬ ውስጥ ጎኔ ላይ ሲንቀጠቀጥ ክው አልኩ። ሀኪም ነበር፣ ወንድሜ። ከአዲስ አበባ ሆኖ በፎጣው ሥር ያየኝ መሰለኝ፣ ወላሂ። ‹ማን አለ አብሮሽ?› አለኝ። ምን ልበለው? ‹እጁን ይዤው የነበረው ሰው አለ› ልበለው?»

ጦይብ ግድግዳ የተደገፈውን የካራማራ ፎቶ አየ።

«በስልክ ንዝረት ነው እንዴ ይህን ሁሉ ጊዜ የፈረድክብኝ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? ጻፍኩልህ። ስታነበው አያለሁ። ‹ምን አጠፋሁ› ብሎ ከመጻፍ በላይ ሴት ልጅ ምን ታድርግ? መጨረሻ ላይ ጅግጅጋ ላኩኝ ያልኩት እኔው ነኝ። እዚህ ምን አለኝ? መስታወቱ እንኳ ዞሮብኝ።»

ጦይብ የሚይዘው ነገር ፈለገ፤ ሲያጣ የፎጣውን ጫፍ ያዘ። ሰው ላይ የሚያስቀምጠው ቂም ሁልጊዜ ማስረጃ ነበረው። ይህ የመጀመሪያው ባዶ ቂም ነው፤ በተሸከመው ቁጥር ከባድ የነበረው ደግሞ እሱው ነው።

«ስለ አንተና ስለ እኔ ለእማዬ ነግሬያታለሁ» አለች ኑሰይባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እማዬ ማለቷ እናቷ ወይዘሮ ሀፊዛ ናቸው። «ደስ አላት። ‹የዚያ የደግ ሰው ልጅ› አለች። ግን አባቴ የለም። ወልዬ፣ በአባቴ ቦታ የሚድረኝ፣ ሀኪም ነው። እሱ እጄን ካልሰጠ ኒካህ የለም።»

«ምን አለ?»

«‹ያ ልጅ ቂም ይዞብኛል፣ ዓይኑ ላይ አየዋለሁ፤ አንድ ቀን ሰው ፊት ያዋርደኛል› አለ። እማዬ ለመነችው። መጨረሻ ላይ ‹ቂሙን ከዋጠ እሰጠዋለሁ፤ አንዲት ክፉ ቃል ከአፉ ከወጣች ግን ወልይ አልሆንም› ብሎ ለእማዬ ቃል ገባላት።»

«ሊፈትነኝ ነዋ።»

«ሀኪም ሳይፈትንም ይሳደባል። ታውቀው የለ?»

ጦይብ ሳይወድ ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ ግን ያች መልስ ትዝ አለችው። «መልስ አዘጋጅቼለታለሁ» አለ። ለሰው ነግሯት አያውቅም ነበርና ድምፁ ትንሽ ኮራ አለ። «አንተን ያሳደገህ የሹፌር እንጀራ ነው።»

ጎበዝ ትለኛለች ብሎ ጠበቀ። ኑሰይባ ፊቷ ጠቆረ።

«እስቲ ድገማት።»

ደገማት። ሁለተኛው ላይ ቃሏ እንደ መጀመሪያው አልጣፈጠችውም።

«አባቴ ኤንትሬ ይነዳ ነበር» አለች። «ከመንገድ ሲገባ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ እኔ እዚያ ጃኬት ላይ ነበር የምተኛው። የማፍርበት ነገር አይደለም። አንተ ግን ወስደህ ድንጋይ አደረግከው፣ ልትወረውረው። ሹፌርነት የማያሳፍር ከሆነ ሀኪምን በምን ታሳፍረዋለህ? የሚያሳፍር ከሆነ ደግሞ የምትሰድበው አባቴን ነው፣ አባትህን ነው፣ ራስህን ነው። ማለቴ… ሀኪም ያለውን ነው እኮ የምትደግመው!»

 ጦይብ ሁለት ዓመት ሲስላት የከረመች ቢላ ናት፤ እጀታዋ የት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አላየም።

«እሺ፣ ዝም ልበል?» አለ፤ መራራው ድምፁ ተመለሰ። «ዝም ያለ ሰው እኮ የተሰደበውን ያመነ ይመስላል።»

«ለሱ ይምሰለው።»

ተነሳች። ፎጣውን ከአንገቱ ሳብ አድርጋ በእጁ ላይ ጣለችው፤ ጫፉን እንደዚያን ጊዜ በመዳፏ ላይ ጠቀለለች። በጨርቁ ሥር አንድ ጣት አልያዘችም፣ ሁለትም አልያዘችም። መዳፉን ሙሉ ያዘች። ሁለቱም ግድግዳው ላይ ያለውን የግመል ተራ ፎቶ ያያሉ።

«ጮክ ላለ ሰው ግመል አይሸጥለትም» አለች ኑሰይባ።

ከደረጃው ኮቴ ተሰማ። ጦይብ እጇ ሲነጠቅ ለመቀበል ተዘጋጀ፤ ልማዱ ነው። እሷ ግን አልነጠቀችም። ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለች ለቀቀች፤ የመጨረሻዋን ጣት ከሁሉም አዘገየቻት። «እያየህ ነው አይደል?» አለችው። «መንጠቅ አይደለም።»

ዓብዱልሀኪም ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ከኋላው አቶ ገብረጻድቃንና ወይዘሮ ለተገብርኤል ደረጃውን እያቃሰቱ ወጡ፤ ቢሮው ሳይነሳ የግመል ተራውን ፎቶ በስጦታ ሊወስዱ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ሁለት ዕቃ ጫኞችም ተከትለዋል።

«እስካሁን አልወረደም?» ዓብዱልሀኪም ግድግዳውን አየ፣ ጦይብን አየ። «ወሬ ይዘሃል ማለት ነው።»

«ተው እንጂ፣ ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው» አሉ አቶ ገብረጻድቃን ደግ ነገር የሠሩ መስሏቸው። «ያንን ሁሉ መንገድ አንድ ቀን አላንገጫገጨንም። ያ ሸለቆ ጋ እንኳ…»

«ሸለቆውንማ እሱን ይጠይቁት ጋሼ! ግዙፍ ሰዎች ቆለሉት ነው የሚልዎት።» ሳቀ። ጫኞቹም ሳቁ። «ስንት ጊዜ ነገርኩት፤ ሹፌር መሪ ይያዝ እንጂ ወሬ አይያዝ! ከአባቱ የወረሰው መሸከም ነው፤ አባቱም ረዳት ነበር።»

ያችው ቃል። ያው የእጅ አወናጨፍ። ያኔ አባቱ አልተነሱም ነበር፤ ዛሬ ተጨመሩ። የጦይብ ጆሮ ጋለ። ሰው አለ፣ እንግዳ አለ፣ የጠበቀው ቀን ይኸው በእግሩ መጣ።

አቶ ገብረጻድቃን ክፋት በሌለው ፊት ወደ ጦይብ ዞሩ። «ረዳት ነበሩ? እኔም ወንድሜ በዚያ መንገድ ይሠራ ነበር። የማን መኪና ላይ ነበሩ አባትህ፣ ልጄ?»



ጦይብ ዓብዱልሀኪምን አየው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ተሟጦ ከንፈሩ ብቻ ሳይዘጋ ቀርቷል። በዚያ ፊት ላይ ትዕቢት አይቷል፣ ቁጣ አይቷል፤ ፍርሃት ግን አይቶ አያውቅም ነበር። መልሱን መወርወር እንኳ አላስፈለገም፤ ተጠይቋል። ወደ ዓብዱልሀኪም እያየ «የአባቱ መኪና» ቢል ይበቃል፤ ሁለት ቃል፣ ሁለቱም እውነት። በፎቶው አጠገብ ኑሰይባ ቆማለች። አትለምነውም፣ ራሷን አትነቀንቅም። ዓይኗ ስፖኪዮ ውስጥ እንደሚያየው ነው፤ የዛሬው ብቻ ቀድሞ አልዞረም።

«አይሰማም እንዴ ልጁ?» አሉ ወይዘሮ ለተገብርኤል ለባላቸው።

ጦይብ የግመል ተራውን ፎቶ ከግድግዳው አነሳ። ፎጣውን ትከሻው ላይ አደረገና ፎቶውን በላዩ ተሸከመው። በዓብዱልሀኪም አጠገብ ሲያልፍ የዚያ ሰው ትንፋሽ ፊቱ ላይ አረፈ፤ ተይዞ የቆየ ትንፋሽ ነበር።

ይቅር አላለውም። ይህን ራሱም ያውቀዋል። ያች መልስ አሁንም ምላሱ ላይ ናት፣ እንደ ኮሶ። መዳፉ ግን እንደሞቀ ነው።

የመጀመሪያዋን ደረጃ ሲረግጥ ከኋላው ድምፅ ተከተለው።

«ጦይብ!»

ዓብዱልሀኪም ነው። «ሹፌሩ» አላለም። በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር፤ ድምፁም የሚያዝ ይሁን የሚለምን አይለይም።

አፉን ቢከፍት ቀድማ የምትወጣው ያችው መልስ ናትና፣ ጦይብ ፎቶውን አጥብቆ ያዘ። ደረጃውን ወረደ።